ማን ፈረመ? ማን ከፈለ? የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች የዘር መለያየት ታሪክ ለሐበሻ ልጆች ስናስተምር የገጠመን

ዳራ

ቦታው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ ድልድዩን ተሻግሮ። ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተከራይተን የሐበሻ ልጆችን አማርኛ እናስተምራለን። ቤተ ክርስቲያኑ የጥቁር አሜሪካውያን ነው። ትምህርቱ ፊደል፣ ንባብና ተረት ነው፣ በዓል ሲደርስ ደግሞ ጭፈራ። የትልልቆቹ ክፍል የእኔ ነው። በዚያ ዓመት 19 ልጆች ነበሩኝ፣ ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው። አብዛኞቹ እዚሁ ተወልደዋል። አራቱ ግን ከአዲስ አበባ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም።

እኔ አገር ቤት ታሪክ አስተማሪ ነበርኩ። የአሜሪካን ታሪክ ግን እዚህ መጥቼ ለዜግነት ፈተና ሳጠና ነው የለቃቀምኩት። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ የሠራሁት ስሕተት ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሣው በፌብሩዋሪ ነው። ወሩ የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበት ስለሆነ ልጆቹ ከመደበኛ ትምህርት ቤታቸው የቤት ሥራ ይዘው ይመጣሉ። አንዱ ልጅ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወርወር አደረገና «ቲቸር፣ ይሄ የጥቁሮቹ ታሪክ ነው፤ እኛ ሐበሻ ነን» አለኝ። 12 ዓመቱ ነው። ክፋት የለውም። ቤት የሰማውን ነው የደገመው። ቤት ውስጥ «ጥቁሮቹ» ስንል ራሳችንን ጨምረን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልጅ ደግሞ ጆሮው ክፍት ነው።

ችግሩ

ልጆቹ ምን እንደሚያውቁ ጠየቅኋቸው። መልሱ በሦስት ዓረፍተ ነገር ያልቃል። ድሮ ነጭና ጥቁር ለየብቻ ይማር ነበር። ማርቲን ሉተር ኪንግ ንግግር አደረገ። ፍርድ ቤት ከለከለ፣ አለቀ። በ1971 እዚሁ ቨርጂኒያ ያለችው የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲቀላቀሉ ስለነበረው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የተሠራውን ፊልም ያዩም አሉ። እነሱ ጋ ነገሩ ሁሉ ያለቀው በዋንጫ ነው።

በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን የከለከለው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ የተሰጠው ሜይ 17 ቀን 1954 ነው። ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው ነበር። ነገር ግን ያን ቀን በቨርጂኒያ የተከፈተ በር የለም። በአርሊንግተን የመጀመሪያዎቹ አራት ጥቁር ተማሪዎች ስትራትፎርድ ትምህርት ቤት የገቡት በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1959 ነው። ከአምስት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። በመካከሉ የሆነውን ልጆቼ አያውቁም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር።

ሌላው ጣጣ ከወላጅ በኩል መጣ። ትምህርቱን ልጀምር ነው ስል አንድ አባት ደወሉልኝ። «እህቴ፣ ልጄን የምልከው አማርኛ እንዲማር ነው። የአሜሪካንን ጣጣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይጋተዋል» አሉኝ። ቅር አልተሰኘሁም። የሚከፍሉት ለአማርኛ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራና ውድቀቱ

ሥራውን በጨዋታ ጀመርኩ። ሰማያዊና አረንጓዴ ብጣሽ ወረቀት ቆርጬ አደልኩ። ሰማያዊ የደረሰው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ብስኩት ይበላል። አረንጓዴ የደረሰው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ አንድ እርሳስ ለሁለት። ለ20 ደቂቃ ነበር ያሰብኩት። «ይቅመሱት፣ ያኔ ይገባቸዋል» ብዬ ነው።

ሰባት ደቂቃ አልሞላም። ሰማያዊዎቹ ብስኩቱን እያሳዩ መሳቅ ጀመሩ። ወንድምና እህት ተሰዳደቡ። ከአዲስ አበባ ከመጣች ስምንት ወር የሆናት አንዲት ልጅ አረንጓዴ ደርሷት ነበር። ድምፅ ሳታሰማ ተነሥታ ወጣች። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የወረቀት ፎጣ ፊቷ ላይ ይዛ አገኘኋት። ወረቀቱን ተቀብዬ ብስኩት ልሰጣት ስል እጄን ገፋችው።

ማታ እናቷ ደወሉ። አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «እሷ እኮ በሳምንቱም ቀን ጥግ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ። ቅዳሜ እንኳ ከወገኖቿ ጋር ትሁን ብዬ ነው የላክኋት» አሉኝ። ይቅርታ ጠየቅሁ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ በክፍሉ ፊትም ጠየቅሁ፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የማንም ልጅ እንዳልሆነ ተናግሬ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አሰብኩበት። ጨዋታው ልጅቷን ማስከፋቱ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ያስተማረው ነገር ውሸት መሆኑ ነው። መለያየቱን የአንዳንድ ክፉ ሰዎች ጠባይ አስመሰለው። ቀለም ደረሰህ፣ ሳቅህ፣ ገፋህ። እውነተኛው ግን በሕግ፣ በበጀትና በአውቶቡስ መሥመር የቆመ ነገር ነበር። ቆመው ድምፅ የሰጡ፣ ቼክ የፈረሙ ሰዎች ነበሩ። ብዙዎቹም በሰፈራቸው ደግ የሚባሉ። ይህን በብስኩት ማሳየት አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ፦ ፋርምቪል

ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩ። ማን ፈረመ? ማን ከፈለ? ማን እምቢ አለ? ከዚያ ከዘጠኙ ዳኞች ሳይሆን ከአንዲት ተማሪ ጀመርን።

በቨርጂኒያ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ (ካውንቲ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው)፣ ፋርምቪል በምትባል ከተማ ሞተን የሚባል የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። በ1939 ሲሠራ ለ180 ተማሪ ነው። በ1951 ከ450 በላይ ተማሪ ይዞ ነበር። ካውንቲው ሌላ ሕንፃ በመሥራት ፈንታ ግቢው ውስጥ ከእንጨት ዳስ ሠራና በሬንጅ ወረቀት ሸፈነው። ሰዉ የዶሮ ቤት ይለው ነበር። ማሞቂያው የእንጨት ምድጃ ነው። ምድጃው አጠገብ የተቀመጠ ላብ በላብ ይሆናል፣ ራቅ ያለው ካፖርቱን አያወልቅም። ጣሪያው ያፈስሳል።

ቁጥሩን ለማሳየት ጎረቤት ክፍል ያሉትን 27 ትንንሽ ልጆች ጠራናቸው። ክፍላችን ለ20 ሰው ነው። ከአስተማሪዎችና ከሁለት ወላጆች ጋር 50 ሆንን። ሁለት ነጥብ አምስት እጥፍ፣ ልክ እንደ ሞተን። (የእሳት አደጋ ደንብ ይህን አይፈቅድም፤ አምስት ደቂቃ ነው የቆየነው፣ በሩ ተከፍቶ።) አንዷ ሕፃን «ጫማዬን ረገጠኝ» እያለች ታለቅሳለች፤ አንዱ ደብተሩን በጓደኛው ጀርባ ላይ አድርጎ ለመጻፍ ይሞክራል። ይህስ ከብስኩቱ በምን ይለያል የሚል ይኖራል። እዚህ ማንም በማንም ላይ አልተሾመም። ሁላችንም ተጨናነቅን፣ ቁጥሩን በሰውነታችን ለካን፣ ወጣን።

ከዚያ የባርባራ ጆንስን ታሪክ ነገርኳቸው። 16 ዓመቷ ነበር። ኤፕሪል 23 ቀን 1951 ተማሪዎቹ ርእሰ መምህሩን በስልክ አታልለው ከግቢ አስወጡ። «ልጆችህ አውቶቡስ ተራ ችግር ላይ ናቸው» ተባለና ሄደ። በርእሰ መምህሩ ስም ለየክፍሉ ወረቀት ተላከ፣ ሁሉም አዳራሽ እንዲሰበሰብ። መጋረጃው ሲከፈት መድረክ ላይ የቆመችው እሷ ናት። አስተማሪዎቹን ውጡልን አለች፤ ጫማዋን አውልቃ አግዳሚውን እንደመታችም ይነገራል። ያን ዕለት የትምህርት ማቆም አድማ ተጀመረ፣ ሁለት ሳምንትም ቆየ።

ክፍሉ ፀጥ ብሎ ያዳመጠኝ በዓመቱ ውስጥ ያን ቀን ብቻ ነው። «ታላቅ እህቴን ታክላለች!» አለ አንዱ። «እሺ፣ እናቷ ምን አሏት?» አለች ሌላዋ። የሐበሻ ልጅ ጥያቄ ነው ይህ። ለደኅንነቷ ሲባል ከቤተሰቧ ርቃ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ፣ አጎቷ ጋ እንደተላከች ነገርኳት። ርእሰ መምህሩም ሥራቸውን አጡ።

እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ክርክር ተነሣ። ተማሪዎቹ ለጠበቆች ሲጽፉ መጀመሪያ የፈለጉት ጥሩ ሕንፃ ነበር። ጠበቆቹ ኦሊቨር ሂልና ስፖትስዉድ ሮቢንሰን ግን «መለያየቱን ራሱን የምትከሱ ከሆነ እንቆማለን» አሉ። ሜይ 23 ቀን በ117 ተማሪዎች ስም ክስ ተመሠረተ። ካውንቲው በ1953 አዲስ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ሠራ። «ታዲያ አሸነፉ አይደል? ለምን አላቆሙም?» አለ ያ የ12 ዓመት ልጅ። ግማሹ ክፍል ደገፈው። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ከቤት አባርረውህ ጥሩ ድንኳን ቢሰጡህስ?» አለችው። እኔ ዝም አልኩ። ከእኔ የተሻለ ነው የመለሰችለት። የፋርምቪል ክስ በ1954 ከተወሰኑት አምስት ጉዳዮች አንዱ ሆነ።

የተዘጉት ዓመታት

ልጆቹ ፈጽሞ ያልሰሙት ክፍል ይህ ነበር። የቨርጂኒያ ፖለቲከኞች፣ በሴናተር ሃሪ ቤርድ መሪነት፣ ውሳኔውን ላለመቀበል ተማማሉ። ጥቁርና ነጭ የሚቀላቅል ትምህርት ቤት እንዲዘጋ ሕግ ወጣ። በ1958 መስከረም ገዥው በኖርፎክ፣ በሻርለትስቪልና በዋረን ካውንቲ ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። ወደ 13,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ። አብዛኞቹ ነጮች ናቸው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «የራሳቸውን ልጆች?» ብለው ጮኹ። በጃንዋሪ 1959 የግዛቱም የፌዴራሉም ፍርድ ቤት ያን ሻሩት።

ፕሪንስ ኤድዋርድ ግን ሌላ ዘዴ ፈለገ። በ1959 ካውንቲው ለትምህርት በጀት አልመድብም አለ። በጀት ከሌለ ትምህርት ቤት የለም። ለነጮቹ ልጆች የግል አካዳሚ ተከፈተ። ጥቁሮቹ ልጆች አምስት ዓመት ያህል የሕዝብ ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ክፈቱ ብሎ ያዘዘው በ1964 ነው። አንዳንዱ ልጅ ዘመድ ጋ ወደ ሌላ ከተማ ተላከ። አንዳንዱ በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ጥቂት ሰዓት ተማረ። ብዙዎች ምንም አልተማሩም።

«ምድር ቤት» የሚለውን ሳነብ ልጆቹ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። የእኛ ምድር ቤት ጣሪያ ላይ የውሃ ቱቦው ይታያል። እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ሦስቱን ጥያቄዎች ያን ቀን መለሱ። ማን ፈረመ? የካውንቲው ምክር ቤት። ማን ከፈለ? ግብሩን ጥቁሩም ነጩም ከፍሏል፣ ለአካዳሚው ነጭ ወላጆች ግን ከግዛቱ ድጎማ ተሰጥቷል። ማን እምቢ አለ? እዚህ ላይ ሰሌዳው አልበቃንም።

«እኛ ሐበሻ ነን»

ይህን ጥያቄ በተግሣጽ ልመልሰው አልፈለግሁም። ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋን፤ ዓመት የተጻፈባቸው ካርዶች በቅደም ተከተል በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልን። በ1924 ቨርጂኒያ ያወጣችው የዘር ሕግ የአፍሪካ ደም ጠብታ ያለበትን ሁሉ ከነጭ ውጭ ያደርጋል። ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። «በ1951 ፋርምቪል ብትሆኑ የትኛው በር?» አልኳቸው። የመለሰልኝ የለም፣ መልሱን ግን ያውቁታል። በዚያው በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ነው። ያ የኮታ ሥርዓት የፈረሰው በ1965 ነው፤ የመምረጥ መብት ሕግ በወጣበት ዓመት፣ በዚያው የትግል ዘመን። ዲቪ የመጣው ከዚያ በኋላ በ1990ው ሕግ ነው። ልጆቹ አባት እናታቸው የመጡበትን ዓመት ጠይቀው መጥተው ሰቀሉ። ሁሉም ካርድ ከ1965 በስተቀኝ ዋለ። አንዱ ልጅ የአባቱን ካርድ ይዞ ከገመዱ ግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ቦታ ፈለገለት። «ከእነሱ በኋላ ነው የመጣነው» አለ። ያው «የጥቁሮቹ ታሪክ» ያለኝ ልጅ ነው።

ኢትዮጵያዊው ዶክተር መላኩ በያን በ1935 ሕክምና የተመረቁት ዋሽንግተን ካለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ፣ ከሃዋርድ ነው። ይህንንም ሰቀልን። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዋሽንግተን የገቡት በሜይ 1954 መጨረሻ፣ ውሳኔው በተሰጠ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሁለቱ ካርዶች በአንድ መቆንጠጫ ተያዙ። «ልጃቸው እዚህ ቢማር የት ይገባ ነበር?» የሚል ጥያቄ መጣ። ጥያቄውን ካርድ ላይ ጽፈን እዚያው አንጠለጠልነው።

አንዲት እናት እህታቸው እስራኤል፣ ፔታህ ቲክቫ ነው የምትኖረው። በ2009 አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ተወላጅ ልጆችን አንቀበልም ብለው የተነሣውን ውዝግብ አስታወሱን። ገመዱ ላይ አልሰቀልነውም፤ ያ ራሱን የቻለ ትምህርት ይፈልጋል። ቡና ላይ ግን ወላጆች ብዙ አወሩበት።

የሠራና ያልሠራ

አማርኛው ራሱ ሠራ። የቤተ ክርስቲያኑን ቁልፍ የሚይዙ አንዲት አረጋዊት አሉ፣ ልጆቹ ግራንድማ ይሏቸዋል። በ1966፣ ተማሪው ትምህርት ቤቱን ራሱ ይምረጥ በተባለበት፣ «እንደ ምርጫችሁ» በሚባለው ዘመን፣ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ወደ ነጮች ትምህርት ቤት ተዛውረው ነበር። ያ የምርጫ ዘዴ በተግባር ብዙም እንዳልቀየረ አይቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይበቃም ያለው በ1968፣ በቨርጂኒያዋ ኒው ኬንት ካውንቲ ጉዳይ ነው። ግራንድማ መጥተው አወሩልን፤ ልጆቹ ኋላ ለተቀመጡት ወላጆች ወደ አማርኛ ይመልሳሉ። እዚያ ላይ ቃል አጣን። «መለያየት» ሲባል ሁለቱም ተስማምተው የተለያዩ ይመስላል፣ እንደ ፍቺ። ልጆቹ ናቸው ይህን ያስተዋሉት። ተከራክረው «ማግለል» ላይ ረጉ። «ውህደት» ደግሞ ቡናና ወተት አስመሰለባቸው። የደወሉልኝ አባት ያን ቀን ኋላ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ሲተረጉም ሲንተባተብ ቃል ያቀብሉታል።

ግራንድማ የተናገሩት ግን የጠበቅነውን አልነበረም። «ማንም አልመታኝም። ዓመቱን ሙሉ ምሳ ሰዓት አጠገቤ የተቀመጠ የለም» አሉ። ቀጥለው የድሮውን የጥቁሮች ትምህርት ቤታቸውን አነሡ። እናታቸውን ያስተማረች መምህር እሳቸውንም አስተምራለች። ውህደቱ ሲመጣ ያ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ መምህሯም ሥራ አጣች። በደቡቡ ሁሉ ብዙ ጥቁር መምህራንና ርእሰ መምህራን እንዲሁ ነው የሆኑት። ልጆቹ ውህደትን ድል ብቻ አድርገው ይዘውት ስለነበር ግራ ተጋቡ። መጋባታቸው ጥሩ ነው።

ያልሠራም አለ። ሚያዝያ ላይ ፋርምቪል ሄደን የሞተንን ሕንፃ፣ ዛሬ ሙዚየም ነው፣ ልናይ አስበን ነበር። የመረጥነው ቅዳሜ የትንሣኤ ዋዜማ ሆኖ ተገኘ። ማን ሐበሻ ልጁን ያን ቀን ይልካል? የአውቶቡሱም ገንዘብ አልሞላም። በምትኩ አርሊንግተን ሄደን የቀድሞውን ስትራትፎርድ ከውጭ አየን። አራቱን ልጆች ለማስገባት በ1959 ወደ 100 የሚጠጉ ፖሊሶች የቆሙበት ግቢ ነው። ዛሬም ትምህርት ቤት ነው፣ በመብት ታጋይዋ በዶሮቲ ሃም ስም። ትንንሾቹ ተሰላችተው ሣሩ ላይ ይሯሯጡ ነበር።

ብጣሽ ወረቀቱ ያስለቀሳት ልጅ ሦስት ቅዳሜ ቀርታ ተመለሰች። ግራንድማን ግን ልትጠይቅ አልፈለገችም። የጎዳሁትን ሁሉ ጠገንኩ ማለት አልችልም።

ሌላ ቦታ ለሚያስተምር

ጭቆናን በጨዋታ አታስመስሉ። ክፍላችሁ ውስጥ ቀድሞውኑ ጥግ የያዘ ልጅ አለ፣ እናንተ ግን ላታውቁት ትችላላችሁ። በዕድሜ ከተማሪው ጋር እኩያ የሆነ ሰው ፈልጉና ከእሱ ጀምሩ፤ ዳኞቹ ይደርሳሉ። ውሳኔ የተሰጠበትን ቀን ብቻ ሳይሆን በሩ በየአካባቢው የተከፈተበትንም ቀን ልጆቹ እንዲፈልጉ አድርጉ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ነው ታሪኩ። የወላጅ ቅሬታ ሲመጣ ወላጁን ክፍል ውስጥ ማስቀመጫ ዘዴ ፈልጉ። ለዚህ ቋንቋ ጥሩ ሰበብ ነው። እንግዳ ስትጋብዙም ምን እንዲናገር እንደምትፈልጉ አትንገሩት።

በመጨረሻው ቅዳሜ አንዷ «አምስቱን ዓመት ማን መለሰላቸው?» ብላ ጠየቀች። በ2004 ቨርጂኒያ በትምህርት ቤቶች መዘጋት ምክንያት ትምህርት ለቀረባቸው ሰዎች የስኮላርሺፕ ፈንድ አቋቁማለች አልኳት። ደብተሯን ገለጠች። በ1959 አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ። ቀነሰች፣ ደመረች፣ እንደገና አየችው።

«ቲቸር፣ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው» አለች።